የቼስነት ጎዳናው የእብነ በረድ ባንክ

በፊላደልፊያ ከተማ መሀል፣ ቼስነት በሚባለው ጎዳና፣ በ4ኛውና በ5ኛው መንገድ መካከል፣ ስምንት ግዙፍ ዓምዶች ከፊቱ የቆሙለት የእብነ በረድ ሕንጻ አለ። ከነጻነት አዳራሽና ከነጻነት ደወል በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። ከዋሽንግተንና ከአካባቢው እንግዳ ይዘው የሚመጡ ወገኖቻችን ደወሉን ካዩና ፎቶ ከተነሡ በኋላ ምሳ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ፊላደልፊያ የአበሻ ምግብ ቤቶች ሲያቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሕንጻ ከሩቅ አይተውት ያልፋሉ። እኔ ግን በዚህች ከተማ ካሉት አሮጌ ሕንጻዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ስለሆነ፣ የሚያልፉት ሰዎች ቆም ብለው እንዲያዩት የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ለመጻፍ ወሰንሁ። ሕንጻው የዩናይትድ ስቴትስ ሁለተኛው ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እንዲሆን ከ1819 እስከ 1824 ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ስለዚህ ሕንጻ በየጉብኝት መጽሔቱ የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር፣ አቴና የሚገኘው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ግልባጭ መሆኑ ነው። ከፊት ለፊቱ ለሚቆም ሰው አባባሉ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሕንጻውን በጎኑ በኩል የዞረና ወደ ውስጥ የገባ ሰው፣ አርክቴክቱ ከግሪኮቹ የወሰደው ጥቂት፣ የተወው ደግሞ ብዙ እንደሆነ ይረዳል። የእኔም ክርክር ይኸው ነው። የዚህ ሕንጻ ትልቅነት ያለው በመምሰሉ ሳይሆን፣ ለአምልኮ የተፈጠረን ቅርጽ ቀን ከቀን ሒሳብ ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት ለማዋል ሲባል በተደረገው ምርጫ ላይ ነው። ምርጫውን ለመረዳት ግን ባንኩ ለምን እንደተቋቋመና ለምንስ ያን ያህል ግርማ እንደፈለገ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሜሪካ በመጀመሪያው የግምጃ ቤቷ ሹም በአሌክሳንደር ሃሚልተን አሳቢነት በ1791 የመጀመሪያውን ብሔራዊ ባንክ አቋቁማ ነበር። የ20 ዓመት ፈቃዱ በ1811 ሲያበቃ ኮንግረሱ ሳያድሰው ቀረ። በዓመቱ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ መንግሥት ለጦርነቱ የሚሆን ብድር ለማግኘት፣ ገንዘቡንም ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ለማዛወር እጅግ ተቸገረ። በዚያ ላይ በየክፍለ ግዛቱ የነበሩት ባንኮች ያለ ልክ የወረቀት ገንዘብ እያተሙ፣ ወረቀቱን ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ወርቅና ብር መክፈል አቆሙ። ቀድሞ የባንኩ ሐሳብ ተቃዋሚ የነበረው ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ይህን ሁሉ ካየ በኋላ በሚያዝያ 1816 ሁለተኛውን ባንክ የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረመ። የባንኩ ካፒታል 35 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህም አንድ አምስተኛው የመንግሥት፣ የቀረው የግል ባለአክሲዮኖች ድርሻ ሆነ። ከ25ቱ የቦርድ አባላት አምስቱን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር። የፈቃዱ ዘመንም እንደ ቀድሞው 20 ዓመት ነበር።

የዚያን ጊዜውን የገንዘብ ነገር ለመገመት የአያቶቻችንን ጠገራ ብር ማስታወስ በቂ ነው። ጠገራው የሚታመነው በላዩ ስለተሳለችው ንግሥት ሥልጣን ሳይሆን በውስጡ ስላለው ብር ነበር፤ የባንክ ወረቀት ሲመጣም ብዙ ሰው ጠገራውን ነው የመረጠው። በአሜሪካም የወረቀት ገንዘብ የሚያትመው አንድ የመንግሥት ተቋም ሳይሆን እያንዳንዱ ባንክ ራሱ ስለነበር፣ የኦሃዮ ባንክ ያተመው የአንድ ዶላር ወረቀት ፊላደልፊያ ሲደርስ በሙሉ ዋጋው የሚቀበለው አልነበረም። ነጋዴው ወረቀቱን ያወጣው ባንክ የት እንዳለ፣ ባንኩ በእርግጥ ብር እንዳለው ወይም እንደሌለው እየገመተ ዋጋውን ይቀንስ ነበር። ሁለተኛው ባንክ ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን የታሰበ ነው። የመንግሥት ግብርና ቀረጥ የሚገባው ወደ እርሱ ስለነበር የየባንኩ ወረቀት በእጁ ይከማቻል፤ ያንን ወረቀት ወዳተሙት ባንኮች መልሶ ልኮ “ብሩን ክፈሉ” በማለት ከአቅማቸው በላይ እንዳያትሙ ይገታቸዋል። የራሱን ወረቀት ደግሞ መንግሥት ለግብር በሙሉ ዋጋው ስለሚቀበለው፣ ከአገሪቱ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው የሚታመን ገንዘብ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ተቋም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እምነት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን እምነትን የሚያጎድሉ ነበሩ። ባንኩ በጥር 1817 የአናጢዎች አዳራሽ በሚባለው ቤት በተከራይነት ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በዊልያም ጆንስ ዘመን በምዕራብና በደቡብ ያሉት ቅርንጫፎች ብድርን እንዲሁ ዘሩት። በባልቲሞር ቅርንጫፍ ደግሞ የራሱ ሹማምንት ተመሳጥረው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጠፉ። በ1819 መጀመሪያ ጆንስ ለቀቀ። በእርሱ ቦታ የተተካው ላንግደን ቺቭስ ባንኩን ለማዳን ብድሩን በጥብቅ ሲሰበስብ፣ ቀድሞውኑ እየመጣ የነበረው የ1819 የኢኮኖሚ ቀውስ ጠናና ብዙ ገበሬና ነጋዴ መሬቱንና ንብረቱን አጣ። በምዕራብ ክፍለ ግዛቶች በባንኩ ላይ ያደረው ቂም የጀመረው ከዚያን ጊዜ ነው፤ ቂሙ በኋላ ምን እንዳስከተለ ወደ ታች እንመለስበታለን።

በዚያው ዓመት መጋቢት 6 ቀን ግን ባንኩ በፍርድ ቤት ትልቅ ድል አገኘ። የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በባልቲሞሩ ቅርንጫፍ ላይ ግብር ጥሎ ነበር፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ኮንግረሱ ባንክ የማቋቋም ሥልጣን እንዳለውና ክፍለ ግዛቶች የፌደራሉን ተቋም በግብር ሊያጠፉት እንደማይችሉ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 19 ቀን 1819፣ የአዲሱ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ያን ወር ስንት ሰው ከቤቱ እየተፈናቀለ እንደነበር ላስታወሰ ሰው፣ በእብነ በረድ የሚገነባው ባንክ እንዴት ያለ ስሜት ይፈጥር እንደነበር መገመት አያስቸግርም። እኔም ሕንጻውን ብወድደውም፣ የዚያን ዘመን ገበሬ ምሬት ትክክለኛ ምሬት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሕንጻው ንድፍ የተመረጠው በውድድር ነው። የባንኩ ቦርድ በ1818 በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ አርክቴክቶች ንድፍ እንዲያቀርቡ ጠየቀ፤ የሚፈልገውም የግሪክን ሥነ ሕንጻ በንጽሕና የሚከተል፣ እጅግ ቀላልና ወጪውም አነስተኛ የሆነ ሥራ መሆኑን ገለጸ። “ቀላል” እና “ወጪው ያነሰ” የሚሉት ቃላት ከ“ግሪክ” ጋር አብረው መጠየቃቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የግሪክ ቅርጽ የተፈለገው ለጌጥ ብዛት ሳይሆን ለጌጥ ማነስ ነበርና። በዚያን ጊዜ የአዲሲቱ ሪፐብሊክ ምሁራን ራሳቸውን የጥንቷ አቴና ወራሾች አድርገው ይመለከቱ ነበር፤ በ1821 ግሪኮች በኦቶማን ቱርክ ላይ ሲነሡም ይህ ፍቅር ይበልጥ ጋለ። በባንኩ ቦርድ ውስጥ በ1819 የገባው ኒኮላስ ቢድል የዚህ ስሜት ዋና ሰው ነበር። የፊላደልፊያ ተወላጅ የሆነው ቢድል በ1806፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አሜሪካውያን እምብዛም ወደማይሄዱባት ግሪክ ተጉዞ ፍርስራሾቹን በዓይኑ አይቷል። ብዙዎቹ ባልደረቦቹ በሥዕል ብቻ የሚያውቁትን ፓርተኖን እርሱ በእግሩ ዞሮታል።

ውድድሩን ያሸነፈው ዊልያም ስትሪክላንድ የ30 ዓመት ሰው ነበር። አባቱ አናጢ ሲሆን፣ አርክቴክቱ ቤንጃሚን ላትሮብ በዚያችው ከተማ ባሠራው የፔንሲልቬንያ ባንክ ግንባታ ላይ ሠርቷል፤ ልጁም በዚሁ ምክንያት ገና በልጅነቱ በላትሮብ ቢሮ ውስጥ ሙያ ለመማር ገባ። በ1818ቱ ውድድር ታዲያ ሁለተኛ የወጣው ራሱ ላትሮብ ነበር። የተማሪው ንድፍ ምን ያህሉ ከመምህሩ እንደተወሰደ የሥነ ሕንጻ ታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል፤ ላትሮብ ራሱም ተበድያለሁ ባይ ነበር። ላትሮብ በ1820 በኒው ኦርሊንስ በቢጫ ወባ ስለሞተ ሕንጻው ሲያልቅ አላየም። ፍትሐዊ ሆኖ ለመናገር፣ የግሪክን ቅርጽ ወደ አሜሪካ ባንክ ያስገባው የመጀመሪያው ሰው ላትሮብ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ የፔንሲልቬንያ ባንክ በዚያው ክፍለ ዘመን ፈርሶ ስለጠፋ፣ ዛሬ ሄደን የምናየው የተማሪውን ሥራ ብቻ ነው።

ስትሪክላንድ ንድፉን ሲሠራ አቴናን አላያትም ነበር። ምንጩ፣ ሁለቱ እንግሊዛውያን ጄምስ ስቱዋርትና ኒኮላስ ሬቬት በ18ኛው መቶ ዘመን አቴና ድረስ ሄደው፣ ፍርስራሾቹን አንድ በአንድ ለክተው ያሳተሙት ሥዕላዊ ጥራዝ ነው። ያ ጥራዝ በዘመኑ ላሉ አርክቴክቶች ሁሉ ዋና መማሪያ ነበር፤ የዓምዱ ውፍረት ከቁመቱ ጋር ያለው ምጣኔ፣ የጫፉ ድንጋይ ኩርባ፣ ከዓምዶቹ በላይ የሚጋደመው ምሰሶ መሳይ ድንጋይ ልክ፣ ሁሉም በቁጥር ሰፍሯል። ስለዚህ ስትሪክላንድ ቢፈልግ ኖሮ ፓርተኖንን እንዳለ መገልበጥ አያቅተውም ነበር። እንዳለ አልገለበጠም፤ ይህንንም ያደረገው አስቦበት ነው።

ፓርተኖን በፊትና በኋላው ስምንት ስምንት፣ በጎንና በጎኑ ደግሞ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ዓምዶች አሉት፤ በዙሪያው ሲቆጠሩ 46 ይሆናሉ። አማልክት ለሚቀመጥበት ጨለማ ክፍል ይህ ይስማማል። ፀሐፊዎች ከጠዋት እስከ ማታ መዝገብ ለሚጽፉበት፣ የኤሌክትሪክ መብራት ለሌለበት ቤት ግን አይሆንም፤ በጎን የሚደረደሩት ዓምዶች ብርሃኑን ይከለክሉታልና። ስትሪክላንድም ስምንቱን ዓምዶች ከፊትና ከኋላ፣ ማለትም በሰሜንና በደቡብ፣ አቆመና የምሥራቁንና የምዕራቡን ጎን ያለ ዓምድ ተወው። በጎኖቹ ያለው ለስላሳ የእብነ በረድ ግድግዳና በግድግዳው ላይ የተከፈቱት መስኮቶች ብቻ ናቸው። በጎን የሚደረደሩ ዓምዶች ለሥራ ቤት ተስማሚ እንዳልሆኑ እርሱ ራሱ ስለ ሕንጻው ባሳተመው መግለጫ ላይ አስረድቷል። ከ5ኛው መንገድ በኩል ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ይህ ጌጥ የለሽ ጎን ነው፤ ብዙ ሰው አይወደውም፣ እኔ ግን ከሕንጻው ሁሉ ታማኙ ክፍል እርሱ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የተተወ ነገር ቅርጻ ቅርጹ ነው። በፓርተኖን ግንባር ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን በአማልክት ሐውልቶች የተሞላ ነበር፤ ከዓምዶቹ በላይ ባሉት አራት ማዕዘን ድንጋዮችም ላይ የጦርነት ትዕይንቶች ተቀርጸዋል። በፊላደልፊያው ሕንጻ ላይ ሦስት ማዕዘኑም ባዶ ነው፣ አራት ማዕዘኖቹም ባዶ ናቸው። ምንም የተቀረጸ ነገር ስለሌለ፣ ዓይን የሚያርፈው በቅርጹ መጠንና በጥላው ላይ ብቻ ነው። በተለይ ማለዳና አመሻሹ ላይ በዓምዶቹ መካከል ያለው ጥላ ሲረዝም፣ ያ ባዶነት ምን ያህል እንደታሰበበት ይገባል። ማስታወቂያው የጠየቀው ቀላልነት ይህ ነበር፤ ገንዘብ ለመቆጠብ የተደረገው ነገር ለሕንጻው ክብር ሆነለት።

ደረጃውን ወጥቶ ከአንዱ ዓምድ አጠገብ መቆምና በቅርብ መመልከት ጥሩ ነው። ዓምዶቹ ዶሪክ የሚባለው የግሪክ ዓይነት ናቸው፤ የዶሪክ ዓምድ ከሥሩ መቀመጫ የለውም፤ ከወለሉ ላይ በቀጥታ ይነሣል። ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ቦዮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቀጭን ሹል ጠርዝ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት ጠርዙ በአንዳንድ ቦታ ተሸራርፎ ይገኛል። ዓምዱ አንድ ወጥ ድንጋይ ሳይሆን ክብ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ እየተቀመጡ የተሠራ ስለሆነ፣ መጋጠሚያው እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ድንጋዩ የፔንሲልቬንያ ሰማያዊ እብነ በረድ የሚባለው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከሚገኘው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ የተፈለጠ ነው። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ሕንጻ ቀረብ ሲሉት ግራጫማ ሰማያዊ ሥሮች ይታዩበታል። ግሪኮቹ እጅግ ጥሩ የሚባለው የጰንጤሊቆን ተራራ እብነ በረድ ነበራቸው፤ ፊላደልፊያ ግን በደጇ ያለውን ተጠቀመች።

ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ግሪክ ያበቃል። ግሪኮች ቅስት ለመሥራት ግድ አልነበራቸውም፤ የሕንጻዎቻቸው ጣሪያ በእንጨት ላይ የሚያርፍ ነበር። ስትሪክላንድ ግን የገንዘብ ቤት በእሳት እንዳይጠፋ በማሰብ፣ ውስጡን የሮማውያንን መንገድ ተከትሎ በጡብና በድንጋይ ቅስት ሸፈነው። በመሀል ያለው ዋናው የባንክ አዳራሽ ርዝመቱ 81 ጫማ፣ ወርዱ 48 ጫማ ሲሆን፣ ከላዩ ግማሽ ክብ የሆነ ረጅም ቅስት ተዘርግቶበታል፤ በግራና በቀኝ ያሉትም ዓምዶች የውጭዎቹን ዓይነት ሳይሆኑ ቀጠን ያሉና ጫፋቸው የተጠቀለለ የአዮኒክ ዓምዶች ናቸው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአዳራሹ አቅጣጫ ነው። የሕንጻው ርዝመት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ የውጭውን ቅርጽ ያየ ሰው አዳራሹም በዚያው አቅጣጫ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። አዳራሹ ግን ሕንጻውን አቋርጦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የተዘረጋው። ዓምድ ያልተተከለባቸው ሁለቱ ጎኖች የአዳራሹ ሁለት ጫፎች ስለሆኑ፣ የጠዋቱ ብርሃን በአንዱ፣ የከሰዓቱ በሌላው በኩል ይገባል። በውጭ ጉድለት የመሰለው ነገር ለምን እንደተደረገ የሚገባው ውስጥ ሲቆሙ ነው። ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሕንጻውን ግልባጭ ለማለት አይደፍርም።

ሕንጻው በ1824 ሲጠናቀቅ የባንኩ ፕሬዚዳንት ቢድል ነበር፤ ሥልጣኑን የያዘው ከአንድ ዓመት በፊት በ1823 ነው። ያለፉትን ዓመታት ስህተት አርሞ ባንኩን ወደ ታሰበለት ሥራ የመለሰው እርሱ ነው ለማለት ይቻላል። ቅርንጫፎቹ 25 ደረሱ፤ ወረቀቱም በመላ አገሪቱ የታመነ ሆነ፤ የ1820ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በባንኩ ታሪክ የተሻለው ጊዜ ነበር። ችግሩ ቢድል ሙያውን በማወቁ ልክ ራሱን የሚያምን፣ ባንኩ ለሕዝብ ተወካዮች መልስ መስጠት እንዳለበት የማይዋጥለት ሰው መሆኑ ነው። በ1828 የተመረጠው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ደግሞ የቴነሲ ሰው ሲሆን፣ ከቀድሞ የራሱ የዕዳ መከራ የተነሣ የወረቀት ገንዘብንና ባንክን ከልቡ ይጠላ ነበር፤ በ1819ኙ ቀውስ የተጎዱት የምዕራብ ሰዎችም ከኋላው ነበሩ።

የባንኩ ፈቃድ እስከ 1836 የሚቆይ ቢሆንም፣ ቢድል በሴናተር ሄንሪ ክሌይ ምክር አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በምርጫው ዓመት በ1832፣ እንዲታደስ ጠየቀ። ስሌታቸው ጃክሰን በምርጫ ዋዜማ ሊከለክል አይደፍርም የሚል ነበር። ሴኔቱ 28 ለ20፣ የተወካዮች ምክር ቤት 107 ለ85 በሆነ ድምፅ እድሳቱን አጸደቁ። ጃክሰን በሐምሌ 10 ቀን ሕጉን ሳይፈርም መለሰው፤ ከነመልሱም ባንኩ ጥቂት ባለጸጎችንና የውጭ አገር ባለአክሲዮኖችን በሕዝብ ኪሳራ የሚያበለጽግ ብቸኛ መብት ነው ሲል ረጅም መግለጫ ላከ። በኅዳሩ ምርጫ ጃክሰን 219፣ ተፎካካሪው ክሌይ 49 የወኪል መራጮች ድምፅ አገኙ። በ1833 ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ገንዘብ ከባንኩ እንዲወጣ አዘዘ፤ የግምጃ ቤቱ ሹም ዊልያም ዱዌን አላደርገውም ሲል ሽሮት፣ በምትኩ የሾመው ሮጀር ቶኒ ትእዛዙን ፈጸመ። ቢድልም በአጸፋው ብድርን አጥብቆ በመያዝ አገሪቱን አስጨነቀ፤ እንዲህ ሲያደርግ ግን አንድ ባንክ ያን ያህል ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ለሚሉት ሰዎች ከማንም የበለጠ ማስረጃ ያቀረበላቸው ራሱ ሆነ። በእኔ ግምት ጃክሰን ባንኩን ያጠፋው የሚተካው ነገር ሳያዘጋጅ ስለነበር ጥፋቱ ከባድ ነው፤ ቢድልም ቢሆን የተሸነፈው በራሱ እብሪት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ፌደራላዊው ፈቃድ በ1836 ሲያበቃ ባንኩ ከፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት አዲስ ፈቃድ አውጥቶ በዚያው ሕንጻ እንደ ግል ባንክ ቀጠለ። በ1837 ሌላ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ቢድል የጥጥ ዋጋን ለመደገፍ በሚል የገባበት ንግድ ከሰረ። እርሱ በ1839 ለቀቀ፤ ባንኩም በ1841 በሩን ዘጋ፤ ቢድል በ1844 ሞተ። በ1842 ፊላደልፊያን የጎበኘ አንድ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ደራሲ፣ ከሆቴሉ መስኮት ማዶ የታየውን የተዘጋ ነጭ ሕንጻ የብዙ ሰዎች ሀብት መቃብር ብሎታል። አሜሪካ በ1913 የፌደራል ሪዘርቭን እስክታቋቁም ድረስ ማዕከላዊ ባንክ ሳይኖራት ቆየች።

ባንኩ ጠፍቶ ሕንጻው ግን ተፈላጊነቱን አላጣም። የፌደራሉ መንግሥት ገዝቶት ከ1845 ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ድረስ የፊላደልፊያ ወደብ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ሆነ። ባንክ ሆኖ ያገለገለው ሃያ ዓመት ሳይሞላ ሲሆን፣ ጉምሩክ ሆኖ ግን ዘጠና ዓመት ገደማ ሠርቷል። የአዳራሹ ብርሃንና የእሳት መከላከያው ቅስት ለጉምሩክ መዝገብም ስለተስማሙ ለማፍረስ ምክንያት አልተገኘም። በአካባቢው የነበሩት የ19ኛው መቶ ዘመን ባንኮች አብዛኞቹ ለሌላ ግንባታ ሲፈርሱ ይህ የተረፈው፣ ከውበቱ ይልቅ በጠቃሚነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉምሩኩ ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወር በ1939 ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ተመዘገበ፤ በኋላም የነጻነት ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አካል ሆነ።

ሕንጻው ያሳደጋቸው ሰዎችም ነበሩ። በግንባታው ላይ ዋና ግንበኛ ከነበሩት የአንዱ ልጅ ቶማስ ዋልተር ሙያውን የጀመረው በዚሁ ሥራ ቦታ ከአባቱ ጋር ጡብ እየደረደረ ነው፤ በዋሽንግተን የካፒቶልን የብረት ጉልላት የነደፈው ይኸው ልጅ ነው። ስትሪክላንድ ራሱ ከዚህ በኋላ በ1828 የነጻነት አዳራሽን የደወል ማማ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከዚሁ ባንክ ራቅ ሳይል የነጋዴዎች ልውውጥ ቤትን ሠራ። በ1845 የጃክሰን አገር ቴነሲ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት እንዲሠራላት ወደ ናሽቪል ጠራችው፤ ጃክሰን የሞተውም በዚያው ዓመት ነው። ስትሪክላንድ ሥራው ሳያልቅ በ1854 አረፈና ይሠራው በነበረው በዚያው ሕንጻ ግድግዳ ውስጥ ተቀበረ። በግቢው ውስጥ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የጃክሰን ሐውልት ስላለ፣ ባንኩን ያፈረሰው ሰውና የባንኩን ቤት የሠራው ሰው ዛሬ ጎረቤታሞች ናቸው።

ከ1974 ጀምሮ አዳራሹ የሥዕል ማሳያ ሆኖ ያገለግላል። ከተሰቀሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ ቻርልስ ዊልሰን ፒል የሣላቸው የአሜሪካ አብዮት ዘመን ሰዎች ምስሎች ናቸው። ሥዕሎቹን ለማየት የሚገባ ሰው ቀና ብሎ ቅስቱን፣ ዞር ብሎም ሁለቱን የብርሃን ጫፎች እንዲመለከት እመክራለሁ። የመክፈቻው ሰዓት ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል፤ ውጩን ግን በማንኛውም ሰዓት ማየት ይቻላል።

ውጩን ስታዩ ለድንጋዩ ጤንነት ትኩረት ስጡ። እብነ በረድ አሲድ የቀላቀለ ዝናብን አይችልም፤ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ገጽ ቀስ በቀስ እየሟሟ እንደ ስኳር ይሻክርና በጣት ሲዳሰስ ይፈረፍራል፤ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ደግሞ ከከተማ ጭስ ጋር የተዋሐደ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። በዓምዶቹ ቦዮች ውስጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የፔንሲልቬንያ ሰማያዊ እብነ በረድ ከጥንትም በጣም ጠንካራ ከሚባሉት ድንጋዮች አይደለም፤ የተፈለጠባቸውም የድንጋይ ካባዎች ሥራ ካቆሙ ቆይቷል። ስለዚህ ተሸርፎ የወደቀ ጠርዝ በዚያው ዓይነት ድንጋይ መተካቱ አስቸጋሪ ነው፤ የፓርኩ ጠጋኞች የሚችሉት ያለውን ማጽዳት፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ውኃውን ከድንጋዩ ማራቅ ነው።